በራስ ዶሜይን የከፈታችሁት ኢሜይል ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ጠዋት ስልካችሁን ከፈታችሁ፤ አንድም አዲስ ኢሜይል የለም። እስከ ማታም ዝም ብሎ ዋለ። ከዚያ አንድ ወዳጅ ይደውልና «ኧረ የላክሁት ነገር ተመለሰብኝ» ይላችኋል።

በራሳችሁ ዶሜይን (ከ@ በኋላ በሚመጣው የራሳችሁ ስም) ኢሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ከኋላው ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች አሉ። አንዱ ስሙን የሚመዘግብላችሁ ሬጅስትራር ነው። ሌላው ደብዳቤዎቻችሁን ተቀብሎ የሚያስቀምጥላችሁ ኢሜይል ሆስቲንግ ነው። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክመው፣ የተበላሸው አንዱ ሆኖ ሳለ ሌላውን እየነካካ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ሁሉም ነገር ባንዴ ጸጥ ካለ

መላክም መቀበልም የለም። ድረ ገጽ ካላችሁ እሱም አይከፈትም። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የሬጅስትራሩ ጉዳይ ነው። ሁኢዝ (የዶሜይን ምዝገባ መረጃ መፈለጊያ) ላይ ስሙን ፈልጉና የሚያበቃበትን ቀን እዩ።

ቀኑ ገና ከሆነና ስሙ ታግዶ ካገኛችሁት፣ ምናልባት ኢሜይላችሁን አላረጋገጣችሁም ይሆናል። ዶት ኮምን የመሰለ ዶሜይን ስትመዘግቡ ወይም የባለቤቱን አድራሻ ስትቀይሩ የማረጋገጫ ሊንክ ይላካል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተጫናችሁት ስሙ ሊታገድ ይችላል። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ሊንኩ እንደገና እንዲላክ አድርጉና ተጫኑት።

ቀኑ ካለፈ ግን ሩጡ። ለዶት ኮም ሬጅስትራሩ እስከ 45 ቀን ሊያቆይላችሁ ይችላል፤ ስንት ቀን እንደሚታገስ እንደየድርጅቱ ይለያያል። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ከበድ ያለ ተጨማሪ ይጠየቃል። ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ስሙ ለቀደመ ይሆናል።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከአገር ቤት በዶላር መክፈል ስላስቸገረኝ ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ በራሱ ካርድ ከፈለልኝ። የአካውንቱ ኢሜይል ምን ይሁን ሲለኝ፣ በአዲሱ ዶሜይን የከፈትኩትን አድራሻ ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሱ ካርድ ጊዜው አለፈና ክፍያው ሳይሳካ ቀረ። ማስጠንቀቂያዎቹ ስፓም ውስጥ ገብተው ነበር፤ አላየኋቸውም። ዶሜይኑ ሲቆም ልከፍል ሄድኩ፤ ፓስወርዱን ረስቼዋለሁ። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ስጫን መመለሻው የተላከው ወደዚያው ወደ ሞተው ኢሜይል ነው። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን መቆለፍ ማለት ይሄ ነው። የአጎቴ ልጅ የከፈለበትን ደረሰኝ ፈልጎ አግኝቶ፣ እኔም መታወቂያዬን ልኬ፣ በ11ኛው ቀን ተመለሰልኝ።

ስለዚህ የሬጅስትራር አካውንታችሁ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን። ጂሜይልም ይሁን ሌላ፣ ከዶሜይኑ ጋር የማይሞት ይሁን። ዘመድ ይክፈልላችሁ፤ አካውንቱ ግን በእናንተ ስምና በእናንተ ስልክ ይከፈት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ። ዶት ኮምን እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ስለሚቻል፣ ካርድ በተገኘ ጊዜ የሁለት የሦስት ዓመቱን መክፈል ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

የምልከው ስፓም ውስጥ ይገባል

ይሄኛው የስም ምዝገባው ችግር አይደለም። ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ሰርቨር የላከው እውነት እናንተ መሆናችሁን አላመነም ማለት ነው። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጠበቅ አድርገዋል፤ ኤስፒኤፍ (በስማችሁ መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች የሚዘረዝር መስመር) ወይም ዲኬአይኤም (ደብዳቤው ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል ፊርማ) የሌለውን ላኪ በጥርጣሬ ነው የሚያዩት።

ለመመርመር ወደ አንድ ጂሜይል ላኩ። ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምረጡ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ (ሁለቱ ካልተሳኩ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ የሚነግር መመሪያ) ተዘርዝረው በየአጠገባቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል» ይላል።

ደጋግሜ ያየሁት ስህተት በዶሜይኑ ዲኤንኤስ (የስሙ ቅንብሮች ዝርዝር) ላይ ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ማስቀመጥ ነው። ሰው ሆስቲንግ ሲቀይር የድሮውን ሳያጠፋ አዲሱን ይጨምራል። በአንድ ዶሜይን ላይ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። የድሮውን አጥፉት፤ ሁለቱንም አገልግሎት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ወደ አንድ መስመር አዋህዷቸው። ዲኬአይኤም ላይ ደግሞ ፊርማው የሚረጋገጥበት ቁልፍ ረጅም ስለሆነ ኮፒ ሲደረግ ጫፉ ሊቆረጥ ይችላል። የመጨረሻዎቹን ፊደሎች አስተያዩ። ዲማርክን መጀመሪያ ምንም ሳያግድ ሪፖርት ብቻ እንዲልክ አድርጋችሁ ጀምሩ።

እልካለሁ፣ ግን አይደርሰኝም

ኤምኤክስ ሪኮርዱን (ኢሜይላችሁ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚነግረውን የዲኤንኤስ መስመር) እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የሚመጣው ኔምሰርቨር (እነዚህን መስመሮች የሚይዘው ሰርቨር) ከተቀየረ ማግስት ነው። አዲሱ ቦታ የድሮዎቹን ሪኮርዶች አያውቃቸውም። ከመቀየራችሁ በፊት ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ኤምኤክስ የሰርቨር ስም እንጂ የአይፒ ቁጥር አይቀበልም። ካስተካከላችሁ በኋላ ጥቂት ሰዓት ታገሱ፤ ሌሎች ሰርቨሮች የድሮውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይይዙታል።

ሬጅስትራር ልቀይር ስል እምቢ አለኝ

አዲስ የተመዘገበ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ዶት ኮም ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል። ያ ካለፈ መቆለፊያውን ከአካውንታችሁ አንሱና የማዛወሪያ ኮድ ጠይቁ። በ5 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል። ስትዛወሩ የምትከፍሉት የአንድ ዓመት ዋጋ በቀረው ጊዜ ላይ ይጨመርላችኋል፤ ስለዚህ አይባክንም።

ዶት ኢቲ ያላችሁ ግን እነዚህ የቀን ደንቦች አይመለከቷችሁም። እሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ደንቡን እዚያው ጠይቁ።

ገና የምትመርጡ ከሆነ

የመጀመሪያ ዓመት ቅናሽ አያጓጓችሁ፤ የማደሻውን ዋጋ ፈልጋችሁ እዩ። ዶሜይኑንና ኢሜይሉን ለየብቻ ድርጅት ስጡ፤ አንዱ ጋ ያለው አካውንት ቢዘጋ ሌላው ይተርፋል። ኢሜይል ሆስቲንግ ስትመርጡ ደግሞ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አይማፕ (ደብዳቤዎችን በሌላ የኢሜይል ፕሮግራም የመክፈቻ መንገድ) ይፈቅዳል? ከፈቀደ፣ ነገ ልውጣ ስትሉ ተንደርበርድን በመሰለ ፕሮግራም የዓመታት ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ካልፈቀደ፣ ነፃ ቢሆንም እኔ አልገባበትም።