ለሞተር ክለብ ዓመታዊ መሰባሰቢያ ቦታ አመራረጥ፦ ከመሃል አዲስ አበባ ለሚነሱ

ብዙ ክለብ የዓመታዊ ጉዞውን ቦታ የሚመርጠው በፎቶ ነው። ሐይቅ፣ ሣር፣ ጥሩ ፀሐይ ይታያል፤ ወዲያው ቀብድ ይከፈላል። ጉዞው የሚበላሸው ግን ሐይቁ ዳር ሳይሆን የግቢው በር ላይ፣ ቤንዚን ያለቀበት ማደያ ላይና እሁድ ማታ ቃሊቲ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ መንገዱንና መመለሻውን ወስኑ። ይህን ያደረገ ኮሚቴ ከአሥር ቦታ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቀሩታል፤ ከእነዚያ መምረጥ ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ሦስት ነገር ጻፉ (እዚህ ለምሳሌ ስልሳ ሞተርና ሰማንያ ሰው ወስደናል)፦ ስንት ሞተር እንደሚሄድ፣ ከሁሉም ደካማው ሞተር የትኛው እንደሆነና በአንድ ሙሉ ታንክ ትንሽ ርቀት የሚሄደው የትኛው እንደሆነ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ አይደሉም። 125 ሲሲ ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል፤ ነገር ግን በአንድ ሙሉ ታንክ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። 12 ሊትር ታንክ ያለው ፈጣን ትልቅ ሞተር ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይደርቃል። የማደያዎቹ ርቀት ለትልቁ፣ የጉዞው ፍጥነት ለትንሹ ይለካ።

ከመነሻ ቦታ እንጀምር። መሃል አዲስ አበባ ላይ የመሰብሰቢያ ቦታ የሚመረጠው በመውጫው በር ነው። ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ከሆነ ከለገሃር ወይም ከጎተራ አካባቢ፣ ወደ አምቦ ከሆነ ከጦር ኃይሎች፣ ወደ ወሊሶና ቡታጅራ ከሆነ ከሜክሲኮ በአየር ጤና በኩል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ከሆነ ከመገናኛ መነሳት ይሻላል። መስቀል አደባባይ ለፎቶ ያምራል፤ ለመነሻ ግን ከበዓልና ከሩጫ ጋር ይጋጫል። የባቡሩ መስመር ባለበት ጎዳና ላይ ደግሞ አጥሩ መሃል ላይ ስላለ ወደ ኋላ የቀረ ሰው በቀላሉ ዞሮ መመለስ አይችልም። የመጀመሪያው መጠበቂያ ከከተማው ሲወጣ ባለው ሰፊ የማደያ ግቢ ይሁን እንጂ በአደባባይ ላይ አይሁን።

ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መሰብሰብ የሚያስቡ አሉ። ጥበቃው ጥሩ ነው። ነገር ግን ስልሳ ሞተር እዚያ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ከሞቀ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ራስ ያዞራል፣ ከበዛም ይገድላል። የግድ ከሆነ ሞተሩ እየተገፋ ወደ ውጭ ይውጣና እዚያ ይነሳ።

የፈቃድ ነገር ከቦታ ምርጫው አይለይም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሏል፤ ፈቃድ የሌለው ሞተር መሃል ከተማ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ከክልል የሚመጡ እንግዶችን ለገሃር ድረስ አትጥሯቸው፤ ዱከም ወይም ቢሾፍቱ ላይ ይጠብቁ። የከተማው አባላትም እያንዳንዳቸው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መያዛቸው ከመነሻው ሳምንት በፊት ይታይ። የሕዝባዊ ስብሰባና የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዝዛል። የእናንተ ጉዞ ሰልፍ ባይሆንም ስልሳ ሞተር በአንድ ላይ ሲያልፍ የሚያየው ፖሊስ ይህን አያውቅም። ደብዳቤውን ከሦስት ሳምንት በፊት ለትራፊክ ፖሊስና ለክፍለ ከተማው አስገቡ፤ የታርጋ ዝርዝር፣ መስመር፣ የመነሻ ሰዓትና የሁለት ኃላፊዎች ስልክ ይኑርበት። ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ከፊት በሚመራው ሰው ቦርሳ ውስጥ፣ ሌላው ከኋላ በሚዘጋው ሰው ዘንድ ይቀመጥ። መድረሻውን የሚያስተዳድረው ወረዳም እንዲሁ አስቀድሞ ይወቅ፤ የመንገዱን ጸጥታ በትክክል የሚነግራችሁ እሱና በየቀኑ በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮች ናቸው።

ወር ስትመርጡ ክረምቱን እለፉት። ከሰኔ እስከ መስከረም አስፋልቱ ይንሸራተታል፣ እርጥብ ኮብልስቶን ከዚያም ይብሳል። መስከረም 16 እና 17፣ የኢሬቻ ቅዳሜና እሁድ፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ የካቲት 23 እና የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሚካሄድበት የየካቲት ሳምንት መንገድ የሚዘጋባቸው ናቸው። በኅዳር ደግሞ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት እሁድ አለ። ብዙ ኮሚቴ የሚረሳው የነቢያት ጾም ኅዳር 15 መግባቱን ነው፤ እስከ ገና ይዘልቃል። በዚያ መሃል ፍየል አሳርዶ ግማሹን ሰው ሽሮ ማስፈለግ ያሳዝናል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14፣ ወይም ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ቀናት ከሁሉም ይሻላሉ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ምግቡም አያስቸግርም። ረቡዕና ዓርብን የሚያካትት ጉዞ ከሆነ በማንኛውም ወር የጾም በያይነቱ በቂ ሆኖ ይታዘዝ።

አሁን ወደ ርቀት። የሞተር ሰልፍ ከነእረፍቱና ከነነዳጁ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል ብላችሁ አስቡ። ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከብትና ቀለሙ የለቀቀ የፍጥነት መግቻ አይታዩም። እሁድ 11 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ መግባትን ደንብ አድርጉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ተነስቶ መመለስ ግድ ነው። ቅዳሜ 1 ሰዓት ተነስቶ የሚደርሰውም እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ እዚያ የምትቆዩት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ላንጋኖን የሚመርጥ ክለብ ዓርብን ይጨምር፤ አለዚያ ይቅርበት።

ቢሾፍቱ ወደ 47 ኪሎ ሜትር ናት። በክፍያ መንገዱ ላይ አትመኩ፤ እቅዳችሁን በአሮጌው መንገድ በገላንና በዱከም በኩል አድርጉት። ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱም ሙቀቱም አይከብድም፤ ጎሚስታ፣ ማደያና ሆስፒታል ቅርብ ናቸው። ጉድለቷ መኪናው ነው፦ በገላንና በዱከም የፋብሪካ ከባድ መኪኖች ይበዛሉ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ከተማው በሙሉ ከዚያ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ዓመት ጉዞና ብዙ አዲስ ነጂ ላለው ክለብ ግን ከቢሾፍቱ የሚሻል የለም። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከዚያ ውጡ እንጂ።

ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ ያልፋል፤ ሁለቱም ለእረፍት የሚሆኑ ስለሆነ ጉዞው ራሱ ደስ ይላል። ለእኛ ሚዛን ይህ መስመር ካለው ዋጋ በታች የሚታይ ነው። ወንጪ ደግሞ ውብ ነው፤ ከአምቦ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከፍታው ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ደብረ ብርሃንም 2,800 አካባቢ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ድንኳን ውስጥ ለማደር የሚያስቡ ሰዎች ወፍራም የመኝታ ከረጢት ከሌላቸው እነዚህን ሁለቱን ይተዉ።

ከፍታ ሞተሩንም ይመለከታል። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያላቸው ሞተሮች አዲስ አበባ ላይ ለ2,300 ሜትር አየር የተስተካከሉ ናቸው። ወደ ወንጪ ሲወጡ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ሁለት ሰው የጫነ 125 በአንደኛ ማርሽ ይቀራል። ወደ ላንጋኖ ሲወርዱ ተቃራኒው ነው፤ አየሩ ይበዛል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ረጅም ሜዳ ላይ ስሮትሉን ሙሉ ከፍቶ መንዳትም ፒስተኑን ይጎዳዋል። ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጭላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ከክለቡ ግማሹ ካርቡሬተር ከሆነ ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ላይም ወደ ታችም ብዙ የማይለያይ ቦታ ምረጡ።

ነዳጅን በሚመለከት ማደያ መኖሩን መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ቤንዚን ለመጨረሻ ጊዜ የገባላችሁ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ናፍጣ ኖሮ ቤንዚን የሌለበት ማደያ ብዙ ነው። ጀሪካን በየቦታው አይሞላም። ስለዚህ ሁሉም ሞተር ከዋዜማው አዲስ አበባ ላይ ይሙላ፤ በሁለት እርግጠኛ ማደያዎች መካከል ያለው ርቀትም ከትንሹ ታንክ ሁለት ሦስተኛ አይብለጥ። ቴሌብር ላይ ገንዘብ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያገለግል ጥሬ ገንዘብም በኃላፊው እጅ ይያዝ።

የማጣሪያ ጉብኝት ሳይደረግ ቀብድ አይከፈል። ጉብኝቱ ጉዞው በሚደረግበት የሳምንት ቀንና ሰዓት፣ በደካማው ሞተር ይሁን። የገበያ ቀን መንገዱን በአህያና በሰው ይሞላዋል፤ ማክሰኞ የታየ መንገድ ቅዳሜ ሌላ ነው። የፒስታ መንገድ ካለ ርዝመቱን በኪሎ ሜትር ቆጣሪ ለኩ፤ ትልልቅ የጎዳና ሞተር ያላቸው አባላት ላሉበት ክለብ ሦስት ኪሎ ሜትር ጠጠር ይበቃል።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ መሬቱን እዩ። ዋልካ ከሆነ አንድ ማታ ዝናብ ሁሉንም ያስቀራል፤ ጭቃው በጎማና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። ለመለየት አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ርገጡበት፤ ጫማ ላይ ከተለጠፈ ማቆሚያው ሌላ ቦታ ይሁን። ደረቅ ሣርም ቢሆን የጎን ስታንድ ይሰምጥበታል፣ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይዞ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ሞተር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አዘጋጁ።

ለስልሳ ሞተር የሚያስፈልገው ቦታ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ረድፎች ናቸው። እያንዳንዱ ሞተር 1 ሜትር ወርድና 2.5 ሜትር ርዝመት፣ በመካከል 3 ሜትር መተላለፊያ፤ በጠቅላላ 30 በ8 ሜትር ይሆናል። የጎን ሳጥን ያላቸው ከበዙ ርዝመቱ 36 ይሁን። ተዳፋት ከሆነ ሞተር ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ በአንደኛ ማርሽ ይቁም። በሩ ላይ ምዝገባ አታድርጉ፤ አንዱ ሰው 20 ሰከንድ ቢወስድ ስልሳው 20 ደቂቃ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ሰልፉ አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ምዝገባው አዲስ አበባ ላይ አልቆ ክንድ ላይ ሪባን ይታሰር።

ሰማንያ ሰው አንድ ሌሊት ሲያድር በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ቢታሰብ 1,600 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሙላቱን እዩ። መጸዳጃ ቤት ከሁለት ካነሰ ማታ ወረፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን አስነሱትና አሳዩን በሉ፤ ነዳጁን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፍ። መኝታ በቂ ካልሆነ ቦታው ይሰረዝ፤ መጠጥ ባለበት ማታ አልጋ ያጣ ሰው ሞተሩን ያስነሳል፣ ይህን ደግሞ በምክር ማስቆም አይቻልም።

በመንገድ ላይ ስልሳውን በአንድ ሰልፍ አትውሰዱ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ በሞተሮቹ መካከል አንድ ሰከንድ ብቻ ቢኖር እንኳ ሰልፉ አንድ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ መብራት ይቆርጠዋል፣ አይሱዙም መሃል ይገባል። ስምንት ስምንት እየሆኑ በየሁለት ደቂቃው ይልቀቁ፤ የመጨረሻው ቡድን ከመጀመሪያው 14 ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል። በቡድን ውስጥ አሰላለፉ ዚግዛግ ይሁን፣ አንዱ በግራ ቀጣዩ በቀኝ፦ ከፊት ለፊት ካለው ሁለት ሰከንድ፣ ከጎን ካለው አንድ ሰከንድ። የቡድኑ ደካማ ሞተር ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ይቀመጥ። ከኋላ ከሚዘጋው ጋር ሞተር መጫን የሚችል ፒክአፕ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ትርፍ ካቴና ማያያዣ፣ የፍሪሲዮን ገመድና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በየእረፍት ቦታው የቅርቡ ሆስፒታል ስልክም አብሮ ይጻፍ።

ውል ሲፈረም ቀብዱ ከሠላሳ ከመቶ አይብለጥ፤ ደረሰኝ ይኑረው። መንገድ ቢዘጋ ወይም የጸጥታ ችግር ቢፈጠር ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን እንደሚዛወር በግልጽ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ካልፈረመ ሁለተኛውን ምርጫ ያዙ። ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት አራት ስልክ ይደወል፦ ለግቢው፣ ለወረዳውና በመንገዱ ላይ ላሉት ሁለት ማደያዎች። ማደያዎቹ ቤንዚን የለንም ካሉ መስመሩ ይቀየር ወይም ቀኑ ይገፋ።