ከግንባር የተመለሰ ወታደር ቤት ሲገባ፦ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ከጦርነት ተመልሶ እንቅልፍ ያጣ፣ በትንሽ ድምፅ ብርግግ የሚል፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው ቤታችሁ ካለ መጀመሪያ እንቅልፉን ያዙለት። «ያየውን ሁሉ ይናገር፣ ይውጣለት» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። በግድ ማናገር ግን አይጠቅመውም፤ ሊያባብስበትም ይችላል። እንቅልፍ ያገኘ ሰው ቁጣው ይበርዳል፣ ምግብ ይበላል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲባልም እሺ ይላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነን፣ መነጫነጭና ዝም ማለት የብዙ ተመላሾች ነገር ነው። አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር እየዋሉ ይሻላቸዋል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየበት፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን ሥራና ኑሮ ካቃተው፣ ሕክምና ያስፈልገዋል። እዚህ «እሱ» እያልን ብንጽፍም ለሴት ወታደርም ያው ነው። እሷ ግን የደረሰባት ጥቃት ሊኖር ስለሚችል ሴት ባለሙያ እንድታያት ጠይቁ።

ሌሊቱን

አልጋውን ግድግዳ አስጠግታችሁ፣ ተኝቶ በሩን ማየት እንዲችል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጀርባው ለበር ከሆነ ዓይኑ አይከደንም። ትንሽ መብራት ይደርለት፤ መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት የእጅ ባትሪ ትራሱ ሥር ትኑር። ሻማ አይሁን፣ ሲባንን ሊጥለው ይችላል። ሕፃን አብሮት አይተኛ። በእንቅልፍ ልቡ የሚማታ ከሆነ ሚስቱም ለጊዜው ሌላ ፍራሽ ታንጥፍ፤ ኩርፊያ እንዳይመስለው ግን ቀን ላይ አብረው ይነጋገሩበት።

ሲቃዥ አትነቅንቁት፣ ከላዩም አትቁሙበት። በዚያች ቅጽበት እጁን የሚሰነዝረው እናንተ ላይ ሳይሆን ሕልሙ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ነው። ከግርጌው በኩል፣ እጁ ከማይደርስበት ቆማችሁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ በወትሮው ድምፃችሁ ስሙን ጥሩ። «እናትህ ነኝ። ቤትህ ነህ። ሰበታ ነን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው።» አጭር፣ እውነት፣ ያለበትን ቦታ የሚነግር ቃል ይበቃል። ሲነቃ ውኃ ስጡትና አብራችሁት ተንፍሱ፦ እስከ 4 እየተቆጠረ በአፍንጫ ይሳብ፣ እስከ 6 እየተቆጠረ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። የልብ ምቱን የሚያረጋጋው የሚወጣው ትንፋሽ መርዘሙ ነው። አሁንም ዓይኑ ሩቅ ከሆነ ባዶ እግሩን መሬት አስረግጡትና የሚያያቸውን 5 ነገሮች፣ የሚነካቸውን 4፣ የሚሰማቸውን 3 ድምፆች ይጥራ። «ምን አየህ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁት፤ ከፈለገ በቀን ይነግራችኋል።

ቀን ላይ፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሳ። ቡና ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይቅርበት፤ ማታ ቡና ሲፈላ አብሮ ይቀመጥ፣ ለእሱ የጦስኝ ሻይ ይቀዳለት። ጫት ንቃቱን ያራዝማል፣ ጥርጣሬና ፍርሃትንም ይጨምራል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ቅዠቱንም ይመልሳል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስገድዱት። ካቆመ ከሰዓታት በኋላ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቀው፣ እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ከዚያም ሊዘባርቅ ይችላል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል፣ ማቆሙ በሐኪም እጅ ይሁን።

ድምፁና እንግዳው

ከተማው ዳር መኖር የራሱ ድምፅ አለው፦ የድንጋይ ካባ ደማሚት፣ የባጃጅ ጭስ ማውጫ፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድብ በረዶ፣ መስከረም 16 ማታ በደመራ ላይ የሚተኮስ ርችት። የሚያስደነብረው ከጩኸቱ ይልቅ ድንገተኛነቱ ስለሆነ አስቀድሞ መንገር ብዙ ያቀላል። ካባው የሚያፈነዳበትን ሰዓት ጥበቃዎቹን ጠይቃችሁ ንገሩት። በደመራ ማታ ከቤት መራቅ ከፈለገ ይራቅ። ለዘለቄታው ግን ቤት መዝጋት ፍርሃቱን ያሳድገዋል። ሰው በማይበዛበት ሰዓት እስከ ሱቁ፣ ሲለምደው እስከ ታክሲ ተራው አብራችሁት ውጡ፤ ፍርሃቱ ሲነሳ ወዲያው አትመለሱ፣ ጥቂት ቀለል እስኪለው ቁሙ።

ለእንኳን ደህና መጣህ ጎረቤት ይጎርፋል። በአንድ ጊዜ ከሦስት አራት ሰው በላይ አይግባ፤ እሱም ለመውጣት በሚመቸው ወንበር ይቀመጥ። «ስንት ገደልክ?» የሚል ጎረምሳ ሲመጣ ወሬውን የሚያስቀይስ ሰው አጠገቡ ይኑር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አብሮት የዘመተ ልጃቸው ወሬው የጠፋባቸው ወላጆች ይመጣሉ፤ «ልጄን አይተኸዋል?» ይላሉ። መልሱን እያወቀ ዝም ሊል ይችላል። እናትየዋን ፊት ለፊቱ አታስቀምጡበት። አንድ የቤት ሰው ደጅ ላይ ተቀብሎ በክብር ያስተናግድ፣ ቀጠሮ ይያዝ፤ እሱ መናገር ከፈለገ በቀን፣ ሽማግሌ ባለበት ይሁን። መርዶ መንገር ግዴታው አይደለም። የሚያውቀውን ለአንድ ለሚያምነው የዕድር ሽማግሌ ቢነግር ቀሪውን ሽማግሌው ይወጣዋል።

በሠራው ወይም ባልሠራው ነገር ራሱን የሚወቅስም አለ። «ጓደኛዬን ጥዬ መጣሁ»፣ «እጄ ደም ነክቷል» ሲል «አንተ እኮ ጀግና ነህ» ብላችሁ አትዝጉበት። ዝም ብላችሁ ስሙት፤ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ማግኘት ከፈለገ አገናኙት።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ

በካርድ ክፍል አልፎ ባለሙያው ጋ ሲደርስ አብዛኛው ወታደር «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬም አለ» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ መዝግቡ፦ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደባነነ፣ ምን እንደጠጣ፣ ምን እንዳስቆጣው። እዚያ ስትደርሱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ጦርነት ላይ ነበር፣ ከተመለሰ ይህን ያህል ወር ሆነው፣ አይተኛም» በሉ። ፍንዳታ አጠገቡ ደርሶ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ መርሳትና ማዞር ካለው፣ ይህንንም አትዝለሉ፤ የጭንቅላት ጉዳትና ጭንቀት ይመሳሰላሉ።

የጤና መድኅን ካላችሁ ሪፈር ወረቀት ከጤና ጣቢያችሁ ያዙ። ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ የእናንተ መድኅን የትኛውን እንደሚሸፍን ታክሲ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። አሁንም በመከላከያ ውስጥ ያለ ከሆነ በክፍሉ በኩል ይጠይቅ።

ለዚህ ከጦርነት በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ PTSD) ጥሩ ውጤት የሚያመጣው በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው፤ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ለወራት ይወስዳል። መድኃኒት ከታዘዘለት፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን፣ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ዲያዚፓም ከፋርማሲ እየገዙ ለእንቅልፍ መዋጥ ግን ልማድ ያስይዛል፣ ከአረቄ ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

አስጊው ምልክት

«ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ከብዙ ጭንቀት በኋላ ያለ ምክንያት ከተረጋጋ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። መሣሪያ፣ ገመድ፣ የማሳ ፀረ ተባይ ከግቢው ይውጣ፣ መድኃኒቱም በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ። በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይገኛል። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው መድኃኒት በብዛት ከተዋጠ ልብን ሊያቆም ስለሚችል የአንድ ሳምንቱን ብቻ ቤት አስቀምጡ።

ጠበልና መድኃኒት

እንጦጦም ይሁን ሌላ ጠበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ፣ ብዙዎችን ያጽናናል። መድኃኒቱን ግን አብሮ ይያዝ፣ ማንም «አቁም» ቢለው ከሐኪሙ ሳይማከር አያቁም። ጾም ሲገባ የሚዋጥበት ሰዓት እንዲስተካከልለት ጠይቁ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል። የመጨረሻዋ እንክብል እስክታልቅ አትጠብቁ፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለሚቀጥለው ተመለሱ። ከተሻለው በኋላም ሐኪሙ መጠኑን እስኪቀንስለት ድረስ መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል፤ ሲቀነስም በትንሽ በትንሹ ነው።