ማታ ላገኛችሁት ሰው «ጉድ ናይት» አትበሉ

ጎንደር ውስጥ እንግዳ የምታስተናግዱ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ትናንት ማታ ፒያሳ ላይ አንድ ልጅ ቱሪስቶች ሲመጡ አይቶ በደስታ «ጉድ ናይት!» አላቸው። እነሱም «ጉድ ናይት» ብለውት አለፉ። ልጁ ሰላም ማለቱ ነበር፣ እነሱ ግን የተሰናበታቸው መሰላቸው። አሳዘነኝ።

«ጉድ ናይት» ደህና እደሩ ነው፤ የሚባለው ስትለያዩ ወይ ልትተኙ ስትሉ ነው። እንደምን አመሻችሁ ለማለት «ጉድ ኢቭኒንግ» በሉ፣ ሰዓቱ ቢመሽም።

«ሃው አር ዩ» ሲሏችሁ ደግሞ አሳጥሩት። እኛ ሰላምታ ስንጀምር ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ሳይቀር ጠይቀን ነው የምናበቃው፣ ደስም ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን «ፋይን፣ ታንክስ። ኤንድ ዩ?» ከተባለ በቂው ነው። «ኤንድ ዩ» የምትለዋን ብቻ አትርሷት፣ እሷ ከቀረች ሰውየውን ችላ ያላችሁት ይመስላል።

መጀመሪያ ስትተዋወቁ «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ነው። በማግስቱ ያንኑ ሰው ፋሲል ግንብ በር ላይ ካገኛችሁት ግን አንዴ ተዋውቃችኋልና «ናይስ ቱ ሲ ዩ» በሉት። «ሚስተር» ደግሞ ከቤተሰብ ስም ጋር እንጂ ከራሱ ስም ጋር አይሄድም።

ጥር 11 ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያው በእንግዳ ሳይሞላ ከአሁኑ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ስትለያዩም «ሲ ዩ ቱሞሮው» የምትሉት ነገ በእርግጥ የምትገናኙ ከሆነ ነው፣ ካልሆነ «ባይ፣ ቴክ ኬር» ይበቃል።