ልጆች ደጅ እንዲውሉ፣ እኛም አብረናቸው እንድንሆን

"በል ውጪ ውጣና ተጫወት!" ትሉታላችሁ። ይወጣል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ተመልሶ በሩ ላይ ይቆማል። "ደበረኝ። ምን ልጫወት?" እናንተ ደግሞ ያልተነሳ ሥራ አለባችሁ። ስልኩን ታቀብሉታላችሁ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ደስ ይላል፤ ምን አስዋሸኝ።

ልጁ ግን ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ደጅ መዋል ልምድ ነው። ያልለመደ ልጅ ብቻውን ወጥቶ ሲቆም ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ትእዛዙ ብዙ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሰዓት ሲሰጠውና አጠገቡ ሆኖ ዝም የሚል ትልቅ ሰው ሲያገኝ ነው። ዝም ማለቱ ከሁሉም ይከብዳል፤ እሱን ቀስ ብለን እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ሰዓቱን ፈልጉ

ወረቀት አምጡና ያለፈውን ሳምንት ጻፉ። ልጁ በየቀኑ ስንት ደቂቃ ደጅ ነበር? ከመኪና ወርዶ እስከ በር የተራመደው አይቆጠርም። "እኛ ቤት እንኳን ደህና ነን" ባይ ነበርኩ። ስደምረው አፈርኩ።

ማነጻጸሪያ ከፈለጋችሁ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው አለ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉት ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ፣ ያውም ልብ የሚያስመታና ቶሎ ቶሎ የሚያስተነፍስ እንቅስቃሴ። 180 ስትሰሙ አትደንግጡ። ለትንንሾቹ መራመዱም፣ መውጣት መውረዱም፣ መደነሱም ቀኑን ሙሉ ተደምሮ ነው።

ከዚያ አንድ ሰዓት ምረጡና አትንኩት። ለተማሪ ጥሩው ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቤት ከመግባት በፊት ያለው ነው። አንዴ ገብቶ ጫማውን ካወለቀ ማስወጣቱ ሌላ ትግል ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት 20 ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜን ጠብቆ ግማሽ ቀን ከመሄድ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል፤ ልጁ የሚለምደው ተደጋጋሚውን ነውና።

ልጁ ከአስጠኚ ወደ ስልጠና፣ ከስልጠና ወደ ሌላ አስጠኚ የሚሯሯጥ ከሆነ አንዱን ሰርዙ። የስፖርት ስልጠና መልካም ነገር ነው፤ ግን ጨዋታ አይደለም። እዚያ ፊሽካ የሚነፋው ሌላ ሰው ነው። ሕጉን ያወጣው፣ ቡድኑን የከፈለው፣ ሲጣሉ የዳኘው ትልቅ ሰው ነው። ጨዋታ የሚባለው ይህን ሁሉ ልጆቹ ራሳቸው ሲያደርጉት ነው። "ጨዋታ ትርፍ ነገር ነው" የሚል ዘመድ ካለባችሁ፣ መጫወት በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ በመብትነት የሰፈረ መሆኑን ንገሩት። ስምምነቱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

ሳሎን መሮጥ ለምን አይበቃም?

አንዱ ምክንያት ዓይን ነው። ደመና ባለበት ቀን እንኳን የደጅ ብርሃን ከቤት ውስጥ ብርሃን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በብርሃን መለኪያው በሉክስ ሲሰላ ሳሎናችን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ቢሆን ነው፤ ደጅ በቀላሉ ከ10,000 ያልፋል። ይህ ብርሃን የልጁ ዓይን በትክክለኛው ልክ እንዲያድግ ይረዳል ተብሎ ይታመናል። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ አንዳንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የደጅ ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነሱ መካከል ሩቅ አጥርቶ ያለማየት ችግር የጀመራቸው 30 ከመቶ ያህሉ ናቸው። እንደ ወትሮው የቀጠሉት ዘንድ 40 ከመቶ ገደማ ሆነ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። 40 ደቂቃ ብቻ!

ጥላ ሥር መሆኑም ጥቅሙን አያስቀርም። ስለዚህ ፀሐይ በሚበረታበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 እስከ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ባለው፣ ኮፍያ አድርጉላቸውና ጥላ ፈልጉ።

አሻንጉሊት አትግዙ

የዴንማርኩ የመናፈሻ ነዳፊ ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን አንድ ነገር አስተዋለ። ልጆች እሱ አስውቦ ከሠራላቸው መጫወቻ ይልቅ የግንባታ ቦታና የወዳደቀ ዕቃ ይማርካቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኮፐንሃገን አጠገብ ኤምድሩፕ በሚባል ቦታ ቁርጥራጭ እንጨትና የተጣለ ዕቃ የሞላበት መጫወቻ ተከፈተ። ልጆቹ እዚያ ይቆፍራሉ፣ ያቆማሉ፣ ያፈርሳሉ። ሐሳቡ ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛመተ።

ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነው። አንድ ሥራ ብቻ ያለው ዕቃ ቶሎ ይሰለቻል። ትልቅ ካርቶን ግን ዛሬ ቤት፣ ነገ መኪና፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጋሻ ነው። አንድ ከረጢት አዘጋጁና በር ላይ ስቀሉት። ገመድ፣ አሮጌ አንሶላ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ማንኪያ፣ ጠመኔ፣ ኳስ ይኑርበት። ድንጋዩን፣ ቅጠሉን፣ አፈሩን ደጁ ያቀርባል። ግቢ ባይኖራችሁም ከረጢቱን ይዛችሁ ቅርብ ወዳለ ሜዳ ወይም ዛፍ ሥር መሄድ ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ ከሁሉም የሚበልጠው መጫወቻ ሌላ ልጅ ነው። ጎረቤታችሁን አናግሩና በተመሳሳይ ሰዓት አውጧቸው።

ቁጭ በሉ፣ ዝም በሉ

የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። እኔ ስጀምር የጨዋታ ዝርዝር ጽፌ ወጣሁ። አሁን ድብብቆሽ፣ ቀጥሎ ሩጫ፣ ከዚያ ገመድ ዝላይ። ልጄ ሁለቱን ተጫወተችና "አሁን መግባት እንችላለን?" አለችኝ። እንደ ክፍለ ጊዜ ቆጥራዋለች። ልክ ነበረች፤ እኔ አስተማሪ ሆኜ ነበር የወጣሁት።

በሌላ ቀን ድካም ስላሸነፈኝ ብቻ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ተነጫነጨች። ዙሪያዬን ዞረች። ጫማዋን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ሩብ ሰዓት ገደማ እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንዲት ጉንዳን አየችና ተከተለቻት። ጉንዳኗ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ልጄ በቅጠል ድልድይ ሠራችላት። ከዚያ ለድልድዩ መንገድ፣ ለመንገዱ ከተማ። መሽቶ ስጠራት አልሰማችኝም።

እንግዲህ ያ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መታለፍ አለበት። "ደበረኝ" ሲላችሁ አትደንግጡ፣ መፍትሔም አትስጡ። "እሺ፣ እኔ እዚህ ነኝ" በሉት። መሰልቸቱ የጨዋታው መግቢያ ነው። ብዙዎቻችን ግን በሩ ሊከፈት ሲል ስልክ እናቀብላለን።

ዝም በሉ ማለቴ ግን ጥፉ ማለቴ አይደለም። ልጅ ሲጫወት በየመሐሉ ቀና ብሎ ያያችኋል። "እዪኝ! እየኝ!" ይላል። ያኔ እዩት። ቀና ብላችሁ፣ በዓይናችሁ። "ከጫፉ ዘለልክ!" በሉ፤ ያያችሁትን ብቻ። "ጎበዝ" ማለት እንኳን የግድ አይደለም። ልጁ ጥሪ ይልካል፣ እናንተ ትመልሳላችሁ፤ እንደ ኳስ ቅብብል። የሕፃናትን የአእምሮ እድገት የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ ቅብብል ትልቅ ቦታ የሚሰጡት የቋንቋም የመተማመንም መሠረት ስለሆነ ነው። ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ "አዎ፣ አየሁ" ስትሉ ልጁ ያውቃል። አይታለልም።

ና አብረን እንጫወት ካላችሁ ግን ተነሱ። ሕጉን እሱ ያውጣ። ተሸነፉ፣ ተደበቁ፣ ጭቃ ላይ ተንበርከኩ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የደከማችሁ ቀን "ሁለት ዙር ብቻ" በሉና ሁለቱን ከልብ ተጫወቱ።

"ተጠንቀቅ!" የምትለዋን ቃል ቀንሱ

የኖርዌይ ተመራማሪዋ ኤለን ሳንድሴተር ልጆች ራሳቸው የሚፈልጉትን ደፋር ጨዋታ በስድስት ከፍላዋለች፦ ከፍታ ላይ መውጣት፣ ፍጥነት፣ ስለት ባለው መሣሪያ መሥራት፣ እሳትና ጥልቅ ውሃን በመሰለ ነገር አጠገብ መሆን፣ ትግልና ግብግብ፣ ከትልቅ ሰው ዓይን መሰወር። ዝርዝሩን ሳነብ ሳቄ መጣ። "አይሆንም!" የምልበት ነገር በሙሉ ተጽፎ አገኘሁት።

መፍቀድ ማለት ግን መተው አይደለም። ልጁ የሚያየውን አደጋና የማያየውን ለዩ። የዛፉን ከፍታ ያያል፤ የበሰበሰውን ቅርንጫፍ ላያውቅ ይችላል። ሳር ውስጥ ያለ ጠርሙስ ስባሪ፣ ያልተከደነ ጉድጓድ፣ የተጋለጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መኪና የሚያልፍበት መንገድ የእናንተ ሥራ ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ዞራችሁ እዩ። ቁመቱንና ፍጥነቱን ለእሱ ተዉለት።

ለመውጣት አታግዙት። ራሱ የወጣበትን ብዙውን ጊዜ ራሱ ይወርዳል፤ እናንተ ያስቀመጣችሁት ቦታ ላይ ግን አቅሙን ሳይለካ ነው የተገኘው። መሐል ላይ ሲጨንቀው "ተጠንቀቅ" ከማለት "ቀጥሎ እግርህን የት ታሳርፋለህ?" በሉት። የመጀመሪያው ያስፈራዋል፣ ሁለተኛው እንዲያስብ ያደርገዋል። አፋችሁ አልታዘዝ ካለ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ።

ውሃ ላይ ግን ቀልድ የለም። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ፣ ያለ ምንም ድምፅ ሊሰምጥ ይችላል። ውሃ ካለ እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ሁኑ፣ ስልኩም ኪስ ይግባ።

ወሬው የሚመጣው በመንገድ ላይ ነው

"ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?" "ደህና።" አለቀ። ይህን የማያውቅ ወላጅ የለም። ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ለልጅ ምርመራ ይመስለዋል። ጎን ለጎን ስትራመዱ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ እጁም ዱላ ይዞ አጥሩን ይደበድባል፣ ምላሱ ይፈታል። ስለዚህ ስትሄዱም ስትመለሱም በእግር ይሁን። ጥያቄ አታብዙ። የራሳችሁን ትንሽ ነገር አውሩ፦ "ዛሬ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ረስቼ አፈርኩ።" ብዙ ጊዜ የእሱ ታሪክ ተከትሎ ይመጣል። ወቀሳና የቤት ሥራ ግን በዚህ መንገድ ላይ አይነሳ። አንዴ ካነሳችሁት በማግስቱ ዝም ይላል።

ወጣት መሆን የጀመረው ልጅ "ና እንጫወት" ብትሉት ይስቅባችኋል። ለእሱ ሥራ ስጡት። ብስክሌት አብራችሁ ጠግኑ፣ ችግኝ ትከሉ፣ መንገዱን እሱ የሚመርጥበት ረጅም ጉዞ ውጡ። ጓደኛውን ይዞ ይምጣ። እናንተ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቅሩ።

ስክሪኑስ?

ጦርነት አትክፈቱበት። ከ2 ዓመት በታች ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ለሆናቸው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ባነሰም ቁጥር እንደሚሻል ይላል። ከዚያ በላይ ላሉት የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን ማስያዝ ነው። ደጁ ይቅደም፣ ስልኩ ይከተል። "ካልወጣህ ስልክ የለም" ብላችሁ ግን አትደራደሩ፤ ደጁ ቅጣት ይሆናል፣ ስልኩ ሽልማት።

ዝናብና ብርድ ምክንያት እንዳይሆናችሁ። "ልጅና ፊት አይበርደውም" ይባል የለ? ይበርደዋል እንጂ፤ ግን እየሮጠ ያለ ልጅ ከቆመው ወላጅ ያነሰ ነው የሚበርደው። ደርባችሁ አልብሱት፣ ቅያሪ ካልሲ ያዙ። መብረቅ ካለ ብቻ ወዲያው ግቡ።

ለመግባት ሲደርስ ድንገት አትጎትቱት። አሥር ደቂቃ ሲቀር አንዴ ንገሩት፣ "ማብቂያህን ምረጥ" በሉት። አንድ ዝላይ ወይም አንድ ዙር ሩጫ ይመርጣል። የሠራውን ነገ የሚያገኘው ከሆነ አታፍርሱት።

በሩ አጠገብ ደግሞ ባልዲ ውሃና አሮጌ ፎጣ አስቀምጡ። ጭቃው ለብዙ ወላጅ እውነተኛው እንቅፋት እሱ ነው፤ አፍረን አንናገረውም እንጂ። እኛ ቤት እግር የማጠቡ ተራ የእኔ ነው። ልጄ አንዱን እግሯን ባልዲው ውስጥ ከታ የጉንዳኗ ከተማ ነገ ምን እንደሚጨመርባት ትነግረኛለች።