የሕግ ዲግሪ ይዘው ደሴና ኮምቦልቻ ሥራ የሚፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምስት ዓመት ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፎ ቤት የተቀመጠ የሕግ ምሩቅ በደሴ ብዙ ነው። ያሳዝነኛል። አብዛኞቹ እውቀት አላነሳቸውም፤ ሥራ የሚፈልጉበት መንገድ ነው የያዛቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የዳኝነትና የዐቃቤ ሕግነት ማስታወቂያ ብቻ መጠበቅ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ተመዝገቡ፣ ተፈተኑ። እስከዚያው ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻን እዩ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ ውል ይዋዋላል። ነገረ ፈጅ፣ ማለትም የራሱን የሕግ ባለሙያ፣ የማይቀጥር ድርጅት እንኳ የሰው ኃይል ክፍል አለው። ያ ክፍል ለሕግ ምሩቅ አይመጥንም የሚሉ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም።

እዚያ ሲያመለክቱ “ሕግ ተመርቄያለሁ፣ የተገኘውን እሠራለሁ” ማለት ሌላው ስህተት ነው። አሠሪው የራሱን ችግር የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል። አንድ ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ቀረ እንበል። አለቃው ተናዶ በቃል ያባርረዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ግን ሠራተኛው ስለ መቅረቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው እንዲሆን ይጠይቃል። የስንብቱ ምክንያትና ቀንም በጽሑፍ ይገለጻል። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከግል ማህደሩ ከጠፋ ድርጅቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያሳየው የለውም። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን አስረድታችሁ ማህደሩን እንዴት እንደምትይዙ ብትናገሩ፣ የትምህርት ውጤታችሁን ከመዘርዘር የበለጠ ትደመጣላችሁ።

ከሁሉም የከፋ የምለው የአማርኛ ጽሑፍን መናቅ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እዚህ ችሎቱ፣ ደብዳቤው፣ ውሉ በአማርኛ ነው። ገንዘብ አበድሮ የተካደ የሰኞ ገበያ ነጋዴ ታሪኩን ከጉርብትናው ጀምሮ ይነግራችኋል። እናንተ ከዚያ ውስጥ ውሉ የተደረገበትን ቀን፣ የገንዘቡን ልክ፣ መመለሻ ጊዜውንና ማስረጃውን ለቅማችሁ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲወስን የሚጠየቀውን (ዳኝነቱን) ለይታችሁ መጻፍ አለባችሁ። ወለዱን ሳትጠይቁ ብትቀሩ ፍርድ ቤቱ ያልተጠየቀውን አይሰጣችሁም፤ በውሉ ወለድ ባይጠቀስ እንኳ ለዘገየ ክፍያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ፈቅዷል። የክስ ማመልከቻ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚያያዝበት የሚናገሩትን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 222 እና 223 ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ ክስ አርቅቁ፤ ከዚያ ራሳችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ መልሱን ጻፉ። ልምድ ላለው ጠበቃ አሳዩና ያርማችሁ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ ክርክር ስሙ።

የሰበር ውሳኔዎችን፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት የሚሰጣቸውን፣ ሳያነቡ ሥራ መፈለግም ይጎዳል። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ይገዛል። አዋጁን ብቻ የሸመደደ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው።

ጠበቃ ቢሮ ገብታችሁ በነጻም በትንሽ ክፍያም ስትሠሩ ወረቀቱን አትርሱ። ብዙ የቅጥር ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ለፍታችሁ “ይህ አይያዝም” ስትባሉ ከማዘን፣ ስትጀምሩ ውል ተዋዋሉ፤ ክፍያ ካለም ደመወዛችሁ ግብር ተቆርጦ በፔሮል (በደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ይከፈል። ስትለቁ ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ደመወዙን ይጥቀስ።

ቸኩሎ ያለ ፈቃድ ጥብቅና መጀመር ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። የፌዴራሉ ጥብቅና በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል፤ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። መስፈርቱን አሁኑኑ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ወይም በአካባቢያችሁ ያለው የፍትሕ መምሪያ ዘንድ ጠይቁና የምትይዙት ሥራ ለፈቃዱ እንደ ልምድ እንደሚቆጠር ከመፈረማችሁ በፊት አረጋግጡ።