ቫሪያንሱ ኔጌቲቭ ሲወጣ፦ የስታትስቲካል ኮምፒውቲንግ መጽሐፍ መረጣ ችግርና መፍትሄ

ይሄን የማስተርስ ኮርስ ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ከመጽሐፉ የሚመጣ ችግር አሁን ከሩቅ ይታየኛል። መጽሐፍ ስትመርጡ ምዕራፎቹን ከኮርስ አውትላይኑ ጋር ማስተያየት ምናምን ስለምታውቁት ቀጥታ ልግባ።

ምልክት፦ ኮዱ ያለ ምንም ኤረር ይሰራል፣ መልሱ ግን የማይሆን ነው። በየዓመቱ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። የአንድ ተማሪዬ ዳታ ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጠረው የኮምፒውተር ሰዓት ነበር፣ እያንዳንዱ ቁጥር 1.7 ቢሊዮን አካባቢ፣ በመሃላቸው ያለው ልዩነት ግን ጥቂት ሰከንድ። ቫሪያንሱን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካውን፣ ከዜሮ በታች ሊሆን የማይችለውን) በመጽሐፉ ፎርሙላ ሰራው፣ ኔጌቲቭ ወጣ፣ ስኩዌር ሩት ሲያወጣለት ደግሞ ናን፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም»። ዳታው ተበላሽቷል ብሎ ሳምንት ሙሉ ረድፍ ሲሰርዝ ከረመ፣ ዳታው ግን ምንም አልነበረበትም!

መንስኤ፦ መጽሐፉ የሚያስተምረው አቋራጩን ነው፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ስኩዌር ደምር፣ ከዛ የአማካዩን ስኩዌር በብዛታቸው አባዝተህ ቀንስ፣ በመጨረሻም ከብዛታቸው አንድ ባነሰ ቁጥር አካፍል የሚለውን። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ደብል ፕሪሲዥን (ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚያስቀምጥበት መንገድ) የሚይዘው 15 ወይ 16 አሃዝ ስለሆነ ሁለት ግዙፍ ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ምርቱ ይሄድና ግርዱ ይቀራል። ይሄን በአንድ መስመር እንኳን ሳያስጠነቅቅ ለማስተርስ ተማሪ የሚሸጥ መጽሐፍ በጣም ያናድደኛል።

መፍትሄ፦ መጽሐፉን ከመወሰናችሁ በፊት 1000000004፣ 1000000007፣ 1000000013፣ 1000000016ን በራሱ ፎርሙላ አስሉ። ትክክለኛው ቫሪያንስ 30 ነው፣ 30 ካልመጣ መጽሐፉን መልሱት። ቀጥሎ ሪግሬሽን ምዕራፉን ክፈቱ፣ ኤክስ ትራንስፖዝ ኤክስን (የዳታውን ሰንጠረዥ በራሱ አባዝቶ የሚገኘውን ማትሪክስ) ኢንቨርስ አድርግ ብሎ ኪውአርን (ያን ማትሪክስ ሳይሰራ ከሰንጠረዡ በቀጥታ የሚፈታውን ዘዴ) ካላነሳ በሽታው ያው ነው። ደራሲው ታዋቂ ነው፣ ሶፍት ኮፒው በቴሌግራም ይገኛል ብላችሁ ብቻ እንዳትመርጡ፣ እባካችሁ።

ምልክት፦ ሲዱ (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበት መነሻ ቁጥር) አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን ከመጽሐፉ አይገጥምም። አር የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም በ2019 ከወጣው 3.6.0 ቨርዥን ጀምሮ ሳምፕል የሚያወጣበትን መንገድ ቀይሯል፣ መጽሐፉ ከዛ በፊት የተጻፈ ይሆናል። ለማመሳከር ያህል ሳምፕል ካይንድ (sample.kind) የሚለውን የአር ምርጫ ወደ ድሮው መንገድ፣ ወደ ራውንዲንግ (Rounding) መልሱት። ለራሳችሁ ስራ ግን በፍጹም! የድሮው ብዙ ቁጥር ውስጥ ሲመርጥ ያዳላል። ሴሚስተር ሳይጀመር ለተማሪዎቹ ንገሯቸው፣ አለዚያ የመጀመሪያው አሳይመንት ላይ ክፍሉ በሙሉ ኮዴ ተሳስቷል ብሎ ቢሯችሁ ይሰለፋል።

አልፎ አልፎ፦ ጽሑፍ ያለበት ኮለም ፋክተር (አር ምድቦችን የሚይዝበት የዳታ ዓይነት) አልሆን ካለ መጽሐፉ ከአር 4.0.0 በፊት የተጻፈ ነው፣ ኮለሙን ራሳችሁ ወደ ፋክተር ቀይሩት።