የበረንዳ ውሃ መውረጃ እንዳይደፈን
ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ የበረንዳ ውሃ መውረጃ ቶሎ ይደፈናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠፍጣፋው ወንፊት ላይ ይለጠፍና ውሃው ወደ ሳሎን ይገባል። መላው አንድ ባዶ ሃይላንድ ነው። ቂጡን አራት ጣት ያህል አስረዝማችሁ ቁረጡት። ጎኑን ዙሪያውን በጋለ ምስማር ብሱት፤ ከታች ብቻ ሳይሆን እስከ ላይ። መውረጃው ላይ ድፉትና ድንጋይ ጫኑበት። ቅጠሉ ከሥር ቢከማች እንኳ ውሃው በላይኞቹ ቀዳዳዎች ያልፋል። ቅጠሉን ዝናብ ሲያባራ ጥረጉት።

ከተደፈነ በሽቦ ወደ ውስጥ አትግፉ፣ ይብስበታል። ጫፉን እንደ መንጠቆ አጥፉና ጎትታችሁ አውጡ። ጀበና በረንዳ ላይ የምታጥቡ ደግሞ አተላውን ለአበባው ስጡት! በረዶ ከዘጋው ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። የፈላ ውሃ ግን አታፍስሱ፤ የፕላስቲክ ቱቦውን ያጣምመዋል።